ድልድይ ላይ መንዳት ያስፈራኛል፤ ሂፕኖቴራፒ የሞከራችሁ አላችሁ?

እመ ናቲ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ) – ሰኔ

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ጥያቄ ነው፣ ታገሱኝ።

46 ዓመቴ ነው። አሜሪካ ከመጣሁ 17 ዓመት ሆነኝ። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በመጣሁ በስምንተኛው ወር ነው፤ ሌሊት ነድቻለሁ፣ በበረዶ ነድቻለሁ፣ ሕፃን እያለቀሰ ነድቻለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ሐምሌ ላይ ግን ከአሌክሳንድሪያ ከሥራ ስመለስ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ባለው ውድሮው ዊልሰን ድልድይ መሀል ላይ ዶፍ ያዘኝ። በግራም በቀኝም ከባድ መኪና፣ የዝናብ መጥረጊያው አልደርስ አለ፣ የመንገዱ መስመር ከዓይኔ ጠፋ። ልቤ ደረቴን በርግዶ የሚወጣ መሰለኝ። እግሬ ነዳጁ ላይ ይሁን ፍሬኑ ላይ አልለይም፣ ጣቶቼ ደነዘዙ። እዚያ ቦታ ደግሞ ቆሞ መተንፈስ የለም። ፍሬቻ አብርቼ እየተንፏቀቅኩ ወጣሁና በመጀመሪያው መውጫ ወርጄ አንድ ነዳጅ ማደያ ጥግ አርባ ደቂቃ ተቀመጥኩ። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ልቤም ደሜም ታየ፤ ደህና ነሽ፣ ይህ ፓኒክ አታክ (ድንገት የሚመጣ ኃይለኛ ፍርሃት) ነው ተባልኩ።

ከዚያ ወዲህ ትልቅ ድልድይ በራሴ አልነዳም። ሥራዬን ወንዝ የማያሻግር ቦታ ቀየርኩ፣ በሰዓት 2 ዶላር ቀንሼ። ሰው ሲነዳኝ ምንም አይለኝም፤ በሜትሮ ባቡር ፖቶማክን ስሻገር በመስኮት ውሃውን እያየሁ ነው። መሪውን እኔ ስይዝ ብቻ ነው።

አሁን ለምን ጻፍኩ? የመጀመሪያ ልጄ ናቲ ነሐሴ መጨረሻ ሳልስበሪ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። መንገዱን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ መሀል ላይ ቼሳፒክ ቤይ ድልድይ አለ። ወደ 7 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ከውሃው ወደ 57 ሜትር ይደርሳል፤ ወደ ምሥራቅ የሚወስደው በ1952 የተሠራው ነው፣ ጠባብ፣ ሁለት መስመር ብቻ። ፍርሃቱ ከመብዛቱ የተነሣ በክፍያ መኪናህን ይዘው የሚያሻግሩ ሰዎች አሉ። ባሕረ ሰላጤውን በሰሜን በኤልክተን በኩል መዞር ይቻላል፣ ግን መንገዱ በጣም ይረዝማል። ባለቤቴ ቅዳሜና እሁድ ይሠራል። ልጄ ታሞ ቢደውልልኝ እንዴት አድርጌ ነው የምደርሰው? ሌሊት ሌሊት የማስበው ይህን ነው።

ሌላም አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጥፍሬን በጥርሴ እበላለሁ። እናቴ ሬት ቀብታኝ፣ በርበሬ ቀብታኝ አልተውኩም። የድልድዩ ፍርሃት ከመጣ ወዲህ ደግሞ ባሰብኝ፤ የቀኝ አውራ ጣቴ ሁለት ጊዜ መግል ቋጥሮ አንቲባዮቲክ ወስጃለሁ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሂፕኖቴራፒስት፣ ማለትም በሂፕኖሲስ (በሰመመን) የሚያክም ሰው፣ ጠቆመችኝ። ደወልኩ። ስድስት ቀጠሮ 1,200 ዶላር፣ ቀድሞ የሚከፈል፣ ኢንሹራንስ አይቀበልም። «ፍርሃቱም ጥፍሩም በዋስትና ይጠፋል፣ ልጅነትሽ ድረስ ወስደን ሥሩን እናወጣዋለን» አለኝ። ለእናቴ በስልክ ስነግራት ደነገጠች፦ «ልጄ፣ ይሄ አፍዝ አደንግዝ ነው፤ ልብሽን ለማን ነው የምትሰጪው?» አለችኝ። ነገሯ ከልቤ አልወጣም።

የሞከራችሁ ሰዎች እውነቱን ንገሩኝ። ራሴን እስታለሁ? ያላሰብኩትን ያናግረኛል? ይሠራል ወይ?

---

ወለተ ሚካኤል

እህቴ፣ የእናትሽን ቃል አትናቂ። እኔም ወንድሜን በአደጋ ካጣሁ በኋላ ሌሊት ሌሊት እየደነገጥኩ እነሣ ነበር፤ ጠበል ገብቼ፣ የንስሐ አባቴ እያጽናኑኝ ነው የቆምኩት። የምትሄጂበትን ሁሉ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። ሐኪም ዘንድ አትሂጂ አልልሽም፤ ሐኪምም የእግዚአብሔር ነው። ዓይንሽን ጨፍነሽ ለማታውቂው ሰው ራስሽን ከመስጠት ግን ተጠንቀቂ።

---

ባለታክሲው (አርሊንግተን)

እኔ የሞከርኩት ለሲጋራ ነው፤ ሁለት ጊዜ። ሁለቱ በጣም ስለሚለያዩ ለየብቻ ልንገርሽ።

22 ዓመት አጭሻለሁ፣ በቀን አንድ ፓኮ። መጀመሪያ የሄድኩት አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ስልሳ የምንሆን ሰዎች ወንበር ላይ ተደርድረን አንድ ሰው በማይክሮፎን አነጋገረን። 70 ዶላር። ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ሰውነታችሁ ይከብዳል፣ ሲጋራ እንደ ጭቃ ይሸታችኋል። እውነት ለመናገር ስወጣ ቀሎኝ ነበር፤ ፓኮውን እዚያው ጣልኩት። አሥራ አንድ ቀን ቆየሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አየር ማረፊያ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሦስት ሰዓት ስንጠብቅ፣ ቡና በእጄ፣ ጓደኞቼ ሲያጨሱ አንድ ተቀበልኩ። አለቀ።

ያ ሰውዬ ክፉ ነው አልልም። ግን መቼ እንደማጨስ፣ ከማን ጋር፣ እጄ ምን ሲይዝ እንደማጨስ አልጠየቀኝም። እንዴት ይጠይቀኝ፣ ስልሳ ነበርን።

ከሦስት ዓመት በኋላ ሐኪሜ ወደ አንዲት ሳይኮሎጂስት ላከኝ። የመጀመሪያውን ቀጠሮ ሙሉውን ስትጠይቀኝ ነው ያለቀው። ሰልፉን፣ ቡናውን፣ ከሚስቴ ጋር ስንጣላ በረንዳ የምወጣውን ሁሉ ጻፈች። በሦስተኛው ቀጠሮ ነው ሂፕኖሲስ ያደረግነው፤ በምናቤ ያንኑ የታክሲ ሰልፍ አቆመችኝ፤ ጓደኛዬ ሲጋራውን ሲዘረጋልኝ እጄን ኪሴ ከትቼ «ይቅርብኝ» ስል እንድሰማው አደረገች። ደጋግመን። ጎን ለጎን የኒኮቲን ፓች ለጥፌ ነበር። አራት ዓመት ሆነኝ፣ አላጨስኩም። ከፓቹ፣ ከጥያቄው፣ ከሂፕኖሲሱ የትኛው እንደሠራ ለይቼ ልነግርሽ አልችልም።

ራስሽን አትስቺም። እኔ ውጭ የቆሻሻ መኪና ሲያንኳኳ እየሰማሁ ነበር። መነሣት ብፈልግ እነሣ ነበር፤ አልፈለግኩም፣ ደልቶኝ ነበር።

---

ነርስ ዘአዲስ (አዲስ አበባ)

የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ፣ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። እኔ የምሠራበት ቦታ ሂፕኖሲስ አይሰጥም፤ ፍርሃት የያዘው ሰው ግን በየቀኑ አያለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ስለ እናትሽ ስጋት። ስሙ ራሱ ነው ሰውን ያሳሳተው። ጄምስ ብሬድ የሚባል ማንችስተር ይሠራ የነበረ ስኮትላንዳዊ ቀዶ ሐኪም ነው በ1840ዎቹ «እንቅልፍ» ከሚለው የግሪክ ቃል ወስዶ ስሙን ያስለመደው። ቆይቶ ነገሩ እንቅልፍ ሳይሆን ሐሳብን በአንድ ነገር ላይ ማሳረፍ እንደሆነ ሲገባው ሌላ ስም ሊያወጣለት ሞከረ፤ ግን የመጀመሪያው ስም አለቀቀም። ከብሬድ በፊት ደግሞ መስመር የሚባል ሐኪም ፓሪስ ላይ ከሰውነቴ በሚወጣ ማግኔታዊ ኃይል እፈውሳለሁ ይል ነበር። በ1784 ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ላቮዋዚዬ የሚባሉ ሳይንቲስቶች ያሉበት ኮሚሽን አቁመው ሲያስመረምሩት፣ የሚባለው ኃይል የለም፣ ለውጥ የሚያመጣው የታማሚው የራሱ ምናብ ነው ተባለ። መስመር በዚህ ተዋረደ። እኔ ግን ከመልሱ የምወስደው ሌላ ነው፦ ምናብ ሰውነትን ይህን ያህል የሚያንቀሳቅስ ከሆነ ቀላል ነገር አይደለም። አንቺን ቤትሽ ሶፋ ላይ ተቀምጠሽ ቤይ ድልድይን ስታስቢ መዳፍሽን የሚያልብሽ እሱ አይደል?

ሰመመኑን ደግሞ ታውቂዋለሽ። የምትወጂውን ነገር እያነበብሽ ወጡ ሲያርር ያልሸተተሽ ቀን የለም? ያንን ይመስላል። ፈቃድሽ ከአንቺ ጋር ነው፤ የማትፈልጊውን ምሥጢር ማንም አያስለፈልፍሽም። የብሪታንያ ሐኪሞች ማኅበር በ1955፣ የአሜሪካው በ1958 በሠለጠነ ሰው እጅ ለሕክምና ሊያገለግል ይችላል ብለው ተቀብለውታል። ሁሉም ሰው እኩል አይገባበትም፤ አንዳንዱ በቀላሉ ይሰምጣል፣ አንዳንዱ ምንም አይለው፣ አብዛኛው መሀል ላይ ነው። ይህ የእምነት ማነስም የአእምሮ ድክመትም አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ፍርሃትሽን ያሳደገው ዝናቡ አይመስለኝም፤ ከዚያ በኋላ የሸሸሽው እያንዳንዱ ድልድይ ነው። ዞረሽ በሄድሽ ቁጥር አእምሮሽ «ባልሸሽ እሞት ነበር» ብሎ ይመዘግባል። የሚፈታውም በዚያው በር ነው፦ በትንሹ ጀምሮ፣ ደረጃ በደረጃ፣ ፍርሃቱ እስኪወርድ ሳይሸሹ መቆየት። ጆሴፍ ዎልፒ የሚባለው ሐኪም በ1950ዎቹ ይህን መሰላል ሲሠራ ሰውየውን ዘና አድርጎ በምናቡ ነበር የሚያስወጣው፤ ዛሬ ደግሞ በእውን መውጣቱ ይበልጥ እንደሚሠራ ይታወቃል። ለእንዲህ ዓይነት ፍርሃት ብዙ ማስረጃ ያለው ይህ ነው። ሂፕኖሲስ አብሮት ሊሄድ ይችላል፣ ሰውነትን ያረጋጋል፣ ምናቡን ያጎላል፤ ድልድዩን ግን አንቺው መንዳትሽ አይቀርም።

ስለ ጥፍር ደግሞ፦ አዝሪንና ናን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1973 ያሳተሙት ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። እጅሽ ወደ አፍሽ ጉዞ ሲጀምር መያዝን ትማሪያለሽ፤ ያኔ ጡጫ ጨብጠሽ ወይም አንድ ነገር ይዘሽ ለአንድ ደቂቃ ያህል ትቆያለሽ። ሬት አፍ የደረሰውን እጅ ነው የሚቀጣው፤ ይህ ግን እጁ ገና ሲነሣ ነው የሚይዘው።

ያ ሰውዬ የነገረሽ ሁለት ነገር ግን አላማረኝም። አንደኛ «ዋስትና»። ለሲጋራ እንኳ በ2019 የታተመ የጥናቶች ግምገማ ሂፕኖሲስ ከሌሎች ድጋፎች እንደሚበልጥ ግልጽ ማስረጃ አላገኘም፤ ማን ነው ዋስትና የሚሰጥሽ? ሁለተኛው «ልጅነትሽ ድረስ እንወስድሻለን» ያለው። ይሄ ይብሳል። በሰመመን ውስጥ የሚመጣ ትዝታ እውነት ሳይሆንም እውነት መስሎ ሊተከል ይችላል፤ ከዚያ ባልሆነ ነገር አባቷን የምትጠላ ሴት ሆነሽ ትወጪያለሽ። ያንቺ ፍርሃት የት እንደተጀመረ ደግሞ ቀኑንም ቦታውንም ታውቂዋለሽ።

ሂፕኖሲስ ባይኖርም ፍርሃትሽን ማከም የሚችል፣ ፈቃድ ያለው ሳይኮሎጂስት ፈልጊ። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ሂፕኖቴራፒስት ነኝ ለማለት የሕክምና ፈቃድ አያስፈልግምና ጠይቂ፣ አትፈሪ። ጠበሉንም ጸሎቱንም አትተዪ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

---

ነታንያ (እስራኤል)

ነርሷ ስለ ፈቃድ ያለችውን ላጠናክር። እኛ ዘንድ ከ1984 ጀምሮ ሕግ አለ፤ ሂፕኖሲስ ማድረግ የሚችለው ለዚሁ ፈቃድ ያወጣ ሐኪም፣ የጥርስ ሐኪም ወይም ሳይኮሎጂስት ብቻ ነው፤ መድረክ ላይ ለጨዋታ ማድረግም ክልክል ነው። ስለዚህ እኔ ስሄድ ማን እጅ እንደገባሁ አውቄ ነው።

የኔ ፍርሃት አሳንሰር ነበር። ስድስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፤ ጉልበቴ እስኪያብጥ አምስት ዓመት በደረጃ ወጣሁ ወረድኩ። ኩፓት ሆሊም (የጤና መድኅናችን) አንድ ሳይኮሎጂስት ጋ ላከችኝ። አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ማንም ሲለው ስላልሰማሁ። ሁለት ቀጠሮ ሙሉ በዕብራይስጥ አነጋገረኝ፤ «የባሕር ዳርቻ ነሽ፣ አሸዋው ሞቃት ነው» ይለኛል። ቃሉ ይገባኛል፣ እዚህ 28 ዓመት ኖሬያለሁ፣ ግን ጆሮዬ ላይ ነው የሚቀረው። ባሕር ያየሁት በ19 ዓመቴ ነው፣ እንዴት ያሳርፈኝ? ነገርኩት። ጎበዝ ሰው ነው፣ አልተቆጣም፤ «አንቺ በልጅነትሽ ሰውነትሽ የት ነበር የሚያርፈው?» አለኝ። ጎንደር ገጠር፣ በሬዎቹ ከተፈቱ በኋላ አባቴ አጠገብ መደብ ላይ። እንግዲያው በአማርኛ ለራስሽ ንገሪው አለኝ። እሱ በዕብራይስጥ «አሁን» ሲለኝ እኔ በልቤ በአማርኛ እናገራለሁ። ያኔ ነው ትከሻዬ የወረደው። ከዚያ በኋላ አሳንሰሩን አብረን ወጣን፣ መጀመሪያ አንድ ፎቅ።

በምን ቋንቋ እንደምትፈሪ አስቢበት። ያ ዝናብ ሲመጣብሽ ምን ብለሽ ነው የጮኽሽው?

---

እመ ናቲ

«እመቤቴ ድረሽልኝ» ነው ያልኩት። እንባዬ መጣ ይህን ሳነብ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። 1,200 ዶላሩን አልከፈልኩም።

---

እመ ናቲ – ኅዳር

ምን ላይ እንደደረስኩ ተመልሼ ሳልነግራችሁ አምስት ወር ሆነ። ይቅርታ። በውስጥ መልእክት የጠየቃችሁኝም ስላላችሁ እዚሁ ልጻፈው።

በኢንሹራንሴ ዝርዝር ውስጥ በሂፕኖሲስም የሠለጠነች ሳይኮሎጂስት አገኘሁ። ሰባት ሳምንት ጠብቄ ነው፤ ለአንድ ቀጠሮ 35 ዶላር ከኪሴ። ሂፕኖሲስ ያደረግነው ከዘጠኙ ቀጠሮ በሦስቱ ብቻ ነው።

ምን ይመስላል ላላችሁ፦ ተራ ወንበር ነው። ዓይኔን ወደ ላይ እንዳነሣና ከዚያ ቀስ ብዬ እንድከድን አለችኝ፣ ትንፋሼን እንድቆጥር። የግራ እጄ እንደሚቀልና ራሱ እንደሚነሣ ነገረችኝ። አልተነሣም፤ ጣቶቼ ብቻ ትንሽ ቀለሉኝ። መሀለኛ ነሽ፣ ይበቃል አለችኝ። የነታንያዋን እህት ምክር ነገርኳትና በጣም ወደደችው። እኔ የመረጥኩት እናቴ ምስር ስታንገዋልል ነው። ቀበና ያደግንበት ቤት ደጃፍ፣ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ሰፌዱን ወደ ራሷ ስትስበው ሸ...ር፣ ስትገፋው ሸ...ር የሚለው ድምፅ። ስትስበው አየር እወስዳለሁ፣ ስትገፋው አወጣለሁ። አንድም የእንግሊዝኛ ቃል የለበትም። በራሴ ድምፅ በአማርኛ ስልኬ ላይ ቀዳሁት፣ ስድስት ደቂቃ። ማታ ማታ ሰማሁት፤ መኪና ውስጥ አልከፍተውም፣ ሳይኮሎጂስቷም እየነዳሽ እንዳትሰሚው ብላ አስጠንቅቃኛለች።

ለእናቴ ስልክ ደውዬ ሰፌዷን ነው የሚያሳስቡኝ ስላት ዝም አለች፣ ከዚያ «እሱስ መልካም ነው» አለች።

ከዚያ መሰላሉ። ዊልሰን ድልድይን መጀመሪያ ባለቤቴ እየነዳ እኔ ዓይኔን ሳልጨፍን። ከዚያ እሁድ ንጋት 12 ሰዓት፣ መንገዱ ባዶ ሳለ፣ እኔ እየነዳሁ። በአራተኛው እሁድ ፍርሃቱ ከአሥር ሁለት ነበር፣ ብቻዬን ነበርኩ። ቀጥሎ አናፖሊስ አጠገብ የሰቨርን ወንዝ ድልድይ። አንድ ቀን ወደ ኋላም ተመልሻለሁ፤ ንፋስ ነበረና ከመግቢያው በፊት ወጣሁ፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ አለቀስኩ። ሳይኮሎጂስቷ አልተከፋችብኝም፤ በማግስቱ እዚያው ቦታ ተመለሺ ብቻ አለችኝ። ተመለስኩ።

ቤይ ድልድይን ጥቅምት አጋማሽ ቅዳሜ ጠዋት ነው የተሻገርኩት። ባለቤቴ ፈቃድ ወስዶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ እንዳያወራኝ ተስማምተናል። ኋላ ወንበር ላይ የናቲ ሽሮ፣ በርበሬና ድርቆሽ አለ። ድልድዩ መጀመሪያ ላይ ይታጠፋል፣ ከዚያ ሽቅብ ይወጣል፤ ከፊት ያለው መኪና ሰማይ ውስጥ የሚገባ ይመስላል። እዚያ ላይ ፍርሃቱ መጣ። ከአሥር ሰባት። መዳፌ መሪው ላይ ተንሸራተተ። ሸ...ር፣ ሸ...ር። ላባርረው አልሞከርኩም፤ ሳይኮሎጂስቷ «ና፣ ተቀመጥ» በይው እንዳለችኝ አደረግኩ። ብረቱ ከላያችን አልፎ መንገዱ ቁልቁል ሲጀምር አራት ነበር፣ ኬንት አይላንድ ስንወርድ ሁለት። ባለቤቴ እስከዚያ ድረስ ትንፋሹን ይዞ እንደነበር ያወቅኩት ሲለቀው ነው።

መልሱን እሱ ነዳ፤ ደክሞኝ ነበር። በሁለተኛው ጉዞ ግን ደርሶ መልስ እኔ ነኝ።

ጥፍሬ፦ ስምንት ጣት አድጎልኛል። ሁለቱ አውራ ጣቶች ገና ናቸው፣ በተለይ ስልክ ይዤ ዜና ሳነብ። መኪና ውስጥ የማርያም መቁጠሪያዬን እይዛለሁ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ጡጫ።

የፊታችን ቅዳሜ ብቻዬን ነው የምሄደው፣ ባለቤቴ ሥራ ነው። ናቲ ቋንጣ አዝዞኛል፣ ዛሬ ሥጋውን ዘልዝዬ ሰቅዬዋለሁ።